ቤታ-ላክታም አንቲባዮቲኮች፣ የባክቴሪያ ገለፈትና ፕሮቲኖቹ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የሰበሰብናቸው ጥያቄዎች በባሕር ዳር የመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ፣ በላቦራቶሪ ውስጥና በጤና ሳይንስ ተማሪዎች ዘንድ ደጋግመው የሚነሱ ናቸው። ቤታ-ላክታም ስንል አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ክሎክሳሲሊን፣ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን፣ ሴፋሌክሲን፣ ሴፍትሪያክሶን፣ ሜሮፔኔምና መሰሎቻቸውን ማለታችን ነው። ለአንድ ሕመምተኛ የሚሰጠውን መጠን የሚወስነው ያየው ባለሙያ ነው፤ እዚህ ያሉት ቁጥሮች ነገሩ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለማስረዳት የገቡ ናቸው።

ፔኒሲሊን የሚገድለው የባክቴሪያውን ገለፈት ቀዶ ነው?

አይደለም። ገለፈትን በቀጥታ የሚያናጉት እነ ኮሊስቲንና ዳፕቶማይሲን ናቸው። ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ የሚይዙት ገለፈቱ ላይ ቆመው ከውጭ ያለውን ግድግዳ የሚሠሩትን ፕሮቲኖች ነው። ይህ ለፈተና ብቻ የሚሸመደድ ልዩነት አይደለም። መድኃኒቱ በየስምንት ሰዓቱ የሚሰጠው ለምን እንደሆነ፣ አንዱን ባክቴሪያ ገድሎ ሌላውን የሚተወው በምን ምክንያት እንደሆነ የሚገባው ይህን የያዘ ሰው ነው።

ግድግዳውን ለመረዳት የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ብዙ አይቸገርም። ቋሚው ይተከላል፣ ማገሩ በአግድም ይሄዳል፣ ሁለቱ በልጥ ይታሰራሉ። ማሰሪያው ካልጠበቀ ቋሚውም ማገሩም እያለ ቤቱ ይዘማል። በባክቴሪያው ቋሚው የስኳር ሰንሰለት ነው፤ ኤን-አሴቲል ግሉኮሳሚንና ኤን-አሴቲል ሙራሚክ አሲድ እየተፈራረቁ ይቀጣጠሉበታል። ከሰንሰለቱ አጫጭር የአሚኖ አሲድ ክሮች ይወጣሉ፤ የአንዱ ሰንሰለት ክር ከጎረቤቱ ክር ጋር ሲታሰር ግድግዳው ይጠነክራል። አሳሪው ሠራተኛ ትራንስፔፕቲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ክሩ የሚያልቅበትን ዲ-አላኒን-ዲ-አላኒን የተባለ ጫፍ ይይዛል፣ የመጨረሻውን አላኒን ይቆርጣል፣ የቀረውን ከጎረቤቱ ጋር ያስራል።

ፔኒሲሊን በቅርጹ ይህንን ጫፍ ይመስላል። ሐሳቡን ቲፐርና ስትሮሚንገር በ1965 እ.ኤ.አ. አቀረቡት፤ እስከ ዛሬም ዋናው ማብራሪያ ይኸው ነው። ኢንዛይሙ እውነተኛው ክር መስሎት ፔኒሲሊኑን ሲይዝ፣ በመካከሉ ያለው ሴሪን የተባለው አሚኖ አሲድ ባለ አራት ማዕዘኑን የቤታ-ላክታም ቀለበት ይከፍተዋል። ቀለበቱ በተፈጥሮው የተወጠረ ስለሆነ በቀላሉ ይከፈታል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው፤ መድኃኒቱ በኬሚካል ትስስር ከሴሪኑ ጋር ይጣበቅና ለሰዓታት አይለቅም። ሠራተኛው እጁ ላይ ሙጫ ፈሶበት ቀረ ማለት ነው።

ማሰሪያው ቢቋረጥ ባክቴሪያው የሚሞተው ለምንድን ነው?

ከውስጥ ስለሚገፋ። የባክቴሪያው ውስጥ ከአካባቢው ይልቅ በተሟሟ ነገር የተሞላ በመሆኑ ውሃ ያለማቋረጥ ይስባል። ግራም-ፖዘቲቭ በሚባሉት (በግራም ስቴይን ቀለም ሐምራዊ ሆነው በሚታዩት) ባክቴሪያዎች ውስጥ ግፊቱ እስከ 20 አትሞስፌር ሊደርስ ይችላል። ገለፈቱ ብቻውን ይህን አይችለውም፤ አጥብቆ የያዘው ግድግዳው ነው።

ጆሹዋ ሌደርበርግ በ1956 እ.ኤ.አ. ያሳየው ነገር ጉዳዩን ያጠራዋል። ባክቴሪያውን ብዙ ስኳር ባለበት ፈሳሽ ውስጥ አድርጎ ፔኒሲሊን ሲሰጠው አልፈነዳም፤ ግድግዳውን አጥቶ እንደ ኳስ ክብ ሆኖ ቆየ። ውጭውም እንደ ውስጡ ስለወፈረ ውሃ የሚገባበት ምክንያት አልነበረም። ገለፈቱ ራሱ እንዳልተጎዳ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

ሁለተኛው ነገር ባክቴሪያው የራሱን ግድግዳ የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ያሉት መሆኑ ነው። ሲያድግ አሮጌውን እየከፈተ አዲሱን ያስገባል። አሳሪው ሲታገድ ቆራጩ ሥራውን ይቀጥላል፤ በአንድ በኩል ሳይታሰር የተዘረጋው አዲስ ሰንሰለት በሌላ በኩል እየፈረሰ ጉልበቱ በከንቱ ያልቃል። ስለዚህ ቤታ-ላክታም የሚገድለው እያደገ ያለ ባክቴሪያን ነው። የተኛውን አይነካውም። በ1951 እ.ኤ.አ. በኒሞኮከስ የማጅራት ገትር ሕሙማን ላይ ፔኒሲሊን ከክሎርቴትራሳይክሊን ጋር ሲሰጥ ውጤቱ ከፔኒሲሊን ብቻው የከፋ ሆኖ የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቴትራሳይክሊኑ እድገቱን ሲያቆመው ፔኒሲሊኑ የሚይዘው አጣ።

ፒቢፒ ሲባል የምንሰማው ምንድን ነው? አንድ ነው ወይስ ብዙ?

ፔኒሲሊን የሚጣበቅባቸው ፕሮቲኖች የወል ስም ነው፤ ትራንስፔፕቲዴዞቹም ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ዋና ዋናዎቹ በአንድ ጠመዝማዛ እግር ገለፈቱ ውስጥ ተተክለው የሚሠራው አካላቸው ወደ ውጭ ይቆማል። ይህ ለመድኃኒቱ ትልቅ ዕድል ነው፤ ወደ ሕዋሱ ውስጥ መግባት ሳያስፈልገው ያገኛቸዋል።

ብዙ ናቸው፣ ሥራቸውም ይለያያል። በኢ. ኮላይ (አንጀት ውስጥ በሚኖረው በትር መሳይ ባክቴሪያ) ፒቢፒ-2 ባክቴሪያው እንዲረዝም ያደርጋል፤ ፒቢፒ-3 ለሁለት ሲከፈል መካከሉ ላይ ግድግዳ ይሠራል። ሜሲሊናም ፒቢፒ-2ን ሲይዝ በትሩ ክብ ይሆናል። ሴፋሌክሲን፣ ሴፍታዚዲምና አዝትሪዮናም ፒቢፒ-3ን ሲይዙ ግን መከፈል ያቅተውና እንደ ክር ይረዝማል። መድኃኒት ጀምሮ ናሙና በሰጠ ሰው የሽንት ግራም ስቴይን ላይ የተዘረጋ ረጅም ቀይ ክር ያየ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሻጋታ ነው ብሎ ከመጻፉ በፊት "ምን መድኃኒት ወስደዋል?" ብሎ መጠየቅ አለበት።

ፔኒሲሊን ጂ ኢ. ኮላይን እምብዛም አይነካም፤ አምፒሲሊን ግን ይገድላል። ልዩነቱ ምንድን ነው?

በሩ ነው። ግራም-ፖዘቲቭ ባክቴሪያ ከ20 እስከ 80 ናኖሜትር የሚወፍር ግድግዳ ቢኖረውም ከውጭ ሌላ ገለፈት የለውም፤ መድኃኒቱ በወፍራሙ ወንፊት አልፎ ፒቢፒ ዘንድ ይደርሳል። ግራም-ኔጋቲቭ ባክቴሪያ ግድግዳው ስስ ነው፤ ነገር ግን ከላዩ ሁለተኛ ገለፈት ተጎናጽፏል። የዚህ የውጭ ገለፈት የላይኛው ገጽ ሊፖፖሊሳካራይድ ስለሆነ ቅባት ወዳድ የሆነውንም መድኃኒት በቀላሉ አያሳልፍም። የሚገባው ፖሪን በሚባሉ ፕሮቲኖች ቀዳዳ ነው። በኢ. ኮላይ ዋናዎቹ ኦምፕ-ኤፍና ኦምፕ-ሲ ናቸው፤ የመጀመሪያው ትንሽ ሰፋ ይላል።

በጨራጨራ ግድብ በሮች በኩል ከጣና ወደ ዓባይ ምን ያህል ውሃ እንደሚያልፍ የሚወስነው የበሩ ከፍታ እንደሆነ ሁሉ፣ እዚህም የሞለኪዩሉ መጠንና ጠባይ ይወስናል። ወደ 600 ዳልተን (የሞለኪዩል ክብደት መለኪያ) ከሚጠጋው በላይ የሆነ ነገር ለማለፍ ይቸገራል። አምፒሲሊን 349፣ አሞክሳሲሊን 365፣ ሜሮፔኔም 383፣ ሴፍትሪያክሶን 555 ገደማ ናቸው። ቫንኮማይሲን (ቤታ-ላክታም ባይሆንም ለማነጻጸር ይጠቅማል) 1,449 ነው፤ ስለዚህ ግራም-ኔጋቲቭን ፈጽሞ አይደርስበትም።

ክብደት ብቻውን ግን አይበቃም። ፔኒሲሊን ጂ 334 ብቻ ነው፣ ከአምፒሲሊን ይቀላል፣ እንዲያም ሆኖ በደንብ አያልፍም። የፖሪኑ ጠባብ አንገት በአንድ ወገን ፖዘቲቭ፣ በሌላው ወገን ኔጋቲቭ የኤሌክትሪክ ሙላት ያላቸው አሚኖ አሲዶች ተደርድረውበታል። አምፒሲሊን በተጨመረለት የአሚኖ ቡድን የተነሳ ሁለቱንም ሙላት ይይዛልና በዚህ አንገት ይንሸራተታል። ፔኒሲሊን ጂ ኔጋቲቭ ብቻ ነው፣ ጎኑም ቅባታማ ነው፤ ውሃ በሞላበት ቀዳዳ ይገታል።

ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ከዚህ ሁሉ የባሰ ነው። የፖሪኖቹ ማሳለፍ ከኢ. ኮላይ እጅግ ያነሰ ነው። ኢሚፔኔም የሚገባበት ኦፕር-ዲ የሚባል በር አለው፤ ባክቴሪያው ያን በር ካጠፋ ኢሚፔኔምን ተላመደ ማለት ነው። ከዚያ ላይ ሁለቱንም ገለፈቶች አቋርጠው የቆሙ፣ የገባውን መልሰው የሚተፉ ፓምፖች አሉት። የጠበበው በርና የበረታው ፓምፕ፣ እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ቢሠሩም፣ አንድ ላይ መድኃኒቱን ከንቱ ያደርጉታል።

ኦግመንቲን ውስጥ ያለው "ክላቩላኒክ" ምን ይሠራል?

ኦግመንቲን አሞክሳሲሊንና ክላቩላኒክ አሲድ አንድ ላይ ያሉበት መድኃኒት ነው፤ ክላቩላኒኩ የባክቴሪያውን ዘበኛ ያስራል። ቤታ-ላክታሜዝ የሚባለው ኢንዛይም ከፒቢፒ ጋር የሩቅ ዘመድ ነው፤ ብዙዎቹ ዓይነቶች ቀለበቱን የሚከፍቱት በዚያው በሴሪን ነው። ልዩነቱ ፒቢፒ ተጣብቆ ሲቀር ቤታ-ላክታሜዝ ውሃ አስገብቶ መድኃኒቱን ይጥለውና ቀጣዩን ይይዛል። ፈጣን የሆነው ኢንዛይም በአንድ ሰከንድ ከ1,000 በላይ የፔኒሲሊን ሞለኪዩል ይሰብራል። ኤብርሃምና ቼይን ይህን ኢንዛይም በ1940 እ.ኤ.አ. ገልጸውታል፤ ፔኒሲሊን ገና ለሕሙማን በስፋት መሰጠት ሳይጀምር።

የሚቆምበት ቦታ ለውጥ ያመጣል። ስታፊሎኮከስ ኢንዛይሙን ወደ ውጭ ይለቀዋል፤ ጎረቤት ባክቴሪያዎችንም አብሮ ይጠብቃል። ግራም-ኔጋቲቮች በሁለቱ ገለፈቶች መካከል ባለው ጠባብ ክፍል ያስቀምጡታል፤ መድኃኒቱ በፖሪን አንድ በአንድ ሲገባ እዚያው ይጠብቀዋል። ባክቴሪያ በበዛበት መግል ውስጥ ኢንዛይሙም ይበዛል፤ እባጭን ሳያፈሱ መድኃኒት ብቻ መደራረብ ብዙ ጊዜ የማይሠራው በዚህም ምክንያት ነው።

ክላቩላኒክ አሲድ ራሱ ቤታ-ላክታም ነው፤ ባክቴሪያን የመግደል አቅሙ ግን ደካማ ነው። ሥራው ለኢንዛይሙ መያዣ ሆኖ እንዳይለቅ አድርጎ ማሰር ነው። በሁሉም ዓይነት ላይ አይሠራም፤ በሴሪን ፋንታ በዚንክ የሚሠሩት ኢንዛይሞች አይታሰሩለትም። በ2008 እ.ኤ.አ. የተለየው ኤንዲኤም-1 ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ሜሮፔኔምን ጭምር ይሰብራል።

ስለ ክላቩላኒክ አንድ የመጋዘን ማሳሰቢያ፦ እርጥበት ፈጽሞ አይወድም። በሐይቁ ዳር ክረምት ሲገባ እንክብሉን ከብልጭልጭ ሽፋኑ አውጥቶ በወረቀት ከረጢት መስጠት ማለት ግማሹን መድኃኒት መስጠት ማለት ነው። ቀለሙ ወደ ቡኒ ያዘነበለ እንክብል አይሸጥ።

ስታፊሎኮከሱ "ኤምአርኤስኤ" ነው ተባለ። ኦግመንቲን ለምን አይሞከርም?

ምክንያቱም ችግሩ ዘበኛው አይደለም፤ ሠራተኛው ተቀይሯል። ኤምአርኤስኤ፣ ማለትም ሜቲሲሊንን የተላመደ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ፣ ሜክ-ኤ በሚባል ጂን አማካኝነት ፒቢፒ-2ኤ የተባለ ሌላ አሳሪ ያመጣል። የዚህ ፕሮቲን መያዣ የተዘጋ ስለሆነ አብዛኛው ቤታ-ላክታም በቂ ፍጥነት ኖሮት አይጣበቅበትም። ሌሎቹ ፒቢፒዎች ሁሉ ቢታገዱም እሱ ግድግዳውን ማሰሩን ይቀጥላል። ክላቩላኒክ እዚህ የሚያስረው የለም። ክሎክሳሲሊን፣ ሴፋሌክሲን፣ ሴፍትሪያክሶን፣ ሜሮፔኔም በአንድነት ይወድቃሉ፤ ለዚህ ፕሮቲን ተብለው የተሠሩ እንደ ሴፍታሮሊን ያሉ ጥቂቶች ብቻ ይቀራሉ። ከክሎክሳሲሊን ወደ ሴፍትሪያክሶን "ከፍ ማድረግ" በዚህ በሽታ ላይ ከፍ ማድረግ አይደለም።

በላቦራቶሪ የዲስክ ምርመራው ውጤት ይዋዥቅብናል። የት ነው የምንሳሳተው?

የዲስክ ምርመራ ማለት መድኃኒት ያለበት ወረቀት ባክቴሪያ በተቀባበት አጋር ላይ ተቀምጦ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ የሚለካበት ነው። ከመካነ-ማምከኑ (አውቶክሌቭ) እንጀምር፤ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው እሱን ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። መለኪያው ላይ 15 ፒኤስአይ አይተው "121 ዲግሪ ደርሷል" የሚሉ ሰዎች በእውነቱ ወደ 118 ዲግሪ አካባቢ ናቸው። 121 ለመድረስ መለኪያው 18 ፒኤስአይ ገደማ ማንበብ አለበት፤ መሣሪያው ይህን የሚፈቅድ መሆኑን መመሪያው ላይ ያረጋግጡ። የሙቀት መለኪያ ያለው ሰው ግፊቱን ትቶ ሙቀቱን ይመን።

ባክቴሪያው የሚበቅልበት ሙለር-ሂንተን አጋር 4 ሚሊሜትር ውፍረት ይኑረው። ከወፈረ ክቡ ይጠብባል፣ ከሳሳ ይሰፋል። የባክቴሪያው ድፍርስነት 0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት መለኪያ) ይሁን፤ ይህም በሚሊሊትር 150 ሚሊዮን ገደማ ነው። በዓይን ግምት ማደፍረስ የተለመደ ስህተት ነው፤ ከበዛ ቤታ-ላክታሜዙም ስለሚበዛ የተሸነፈው ባክቴሪያ ያሸነፈ ይመስላል። ካስተካከሉ በኋላ በ15 ደቂቃ ውስጥ ይቀቡ፣ ዲስኩን ካኖሩ በኋላም በ15 ደቂቃ ውስጥ ኢንኩቤተር ያስገቡ። ሙቀቱ 35 ዲግሪ አካባቢ፣ ጊዜው ከ16 እስከ 18 ሰዓት ይሁን።

ዲስኮቹ ግን የሁሉም ዋና ናቸው። የቤታ-ላክታም ቀለበት በውሃ ይሰበራል፤ እርጥበት የገባበት ዲስክ መድኃኒት አልባ ወረቀት ነው። የተከማቸው በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ ለሳምንቱ የሚሠራበት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ። ከፍሪጅ ወጥቶ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ፣ ከ1 እስከ 2 ሰዓት፣ ጠርሙሱ አይከፈት፤ ቀዝቃዛው ላይ ጤዛ ይወርድበታል። መብራት ሲጠፋ ቀድመው የሚበላሹት ኢሚፔኔምና ክላቩላኒክ ያለባቸው ናቸው። መብራት ከተቋረጠ በኋላ የሕመምተኛ ውጤት ከመልቀቅ በፊት በመቆጣጠሪያው ኢ. ኮላይ (25922) ይፈትሹ፤ 30 ማይክሮግራም ሴፍትሪያክሶን ከ29 እስከ 35 ሚሊሜትር መስጠት አለበት። ከዚህ ካነሰ ዲስኩ ሞቷል።

ኤምአርኤስኤን ለመለየት 30 ማይክሮግራም ሴፎክሲቲን ይደረጋል፤ ለስታፊሎኮከስ ኦሪየስ 21 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች ከሆነ ተላምዷል። ሴፎክሲቲን የተመረጠው ባክቴሪያው ሜክ-ኤን እንዲገልጥ ስለሚቀሰቅስ ነው፤ ኦክሳሲሊን ዲስክ የተደበቀውን ይስታል። ኢኤስቢኤል የሚባሉትን ሰፊ ቤታ-ላክታሜዞች ለማረጋገጥ ሴፍታዚዲምና ሴፎታክሲም ብቻቸውንና ከ10 ማይክሮግራም ክላቩላኒክ ጋር ጎን ለጎን ይደረጋሉ። በአንዱ እንኳ ክላቩላኒክ ያለበት ክብ በ5 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሰፋ ምርመራው ፖዘቲቭ ነው።

አሞክሳሲሊን በቀን ሦስት ጊዜ ከምወስድ አንድ ጊዜ ደብል ባደርገው አይሆንም?

አይሆንም። ፒቢፒዎቹ አንዴ ከተያዙ በኋላ ተጨማሪ መድኃኒት ቢፈስ የሚይዘው የለም፤ ባክቴሪያው ግን አዳዲስ ፒቢፒ እየሠራ ነው። ስለዚህ የሚቆጠረው መድኃኒቱ በደም ውስጥ እድገትን ከሚያግደው ዝቅተኛ መጠን በላይ የቆየበት ጊዜ ነው። ለፔኒሲሊኖች በሁለት መድኃኒት መካከል ካለው ጊዜ ግማሽ ያህሉ፣ ለሴፋሎስፖሪኖች (ለእነ ሴፋሌክሲንና ሴፍትሪያክሶን) ደግሞ ከ60 እስከ 70 በመቶው መሸፈን አለበት ይባላል።

በደም ውስጥ ያለው አሞክሳሲሊን በ1 ሰዓት ገደማ ግማሹ ይጎድላል። መጠኑን እጥፍ ቢያደርጉ የሚያገኙት ተጨማሪ ጊዜ ያው 1 ሰዓት ነው። ሴፍትሪያክሶን ግን ግማሹ የሚወጣው በ8 ሰዓት አካባቢ በመሆኑ በቀን አንዴ ይበቃል፤ አብዛኛው በደሙ ውስጥ ካለው አልቡሚን ጋር ተጣብቆ ስለሚቆይ ነው።

ሦስት ጊዜ የታዘዘለት ሰው ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት ቢይዝ ይመቸዋል። "ከቁርስ፣ ከምሳ፣ ከራት በኋላ" ብሎ መስጠት በጾም ወቅት ሁለቱን መድኃኒት ወደ ማታ ይገፋዋል። አሞክሳሲሊን ምግብ ቢኖርም ባይኖርም ይወሰዳል። ክሎክሳሲሊንና አምፒሲሊን በባዶ ሆድ፣ ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ ይሻላቸዋል። ወተት ጠላታቸው አይደለም፤ ያ ምክር የቴትራሳይክሊንና የሲፕሮፍሎክሳሲን ነው።

የልጄን ሽሮፕ ፍሪጅ በሌለበት ደሴት ላይ እንዴት ላቆየው?

ዱቄቱ ደረቅ እስካለ ደህና ነው፤ ውሃ ሲነካው ሰዓቱ ይጀምራል። አፍልተው ሙሉ በሙሉ ባቀዘቀዙት ውሃ ይበጥብጡ፤ ትኩስ ውሃ ቀለበቱን ይሰብራል። መጀመሪያ ጠርሙሱን መታ መታ አድርገው ዱቄቱን ያላቁ፣ ግማሹን ውሃ ጨምረው ይናጡ፣ አረፋው ሲተኛ እስከ ምልክቱ ይሙሉ። አረፋ እያለ ምልክቱን ያነበበ ሰው ውሃ ያሳንሳል፣ ልጁም ከታሰበው በላይ ይጠጣል። ግማሹን ዱቄት በጥብጦ ግማሹን ማስቀመጥ አይቻልም፤ ዱቄቱ እኩል አይከፈልም።

የተበጠበጠ አሞክሳሲሊን እንደ አምራቹ ከ7 እስከ 14 ቀን ይቆያል። ክላቩላኒክ ያለበት በፍሪጅ ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ 7 ቀን ነው፤ ፍሪጅ ከሌለ እሱን አለመያዝ ይሻላል። ለደቅም ሆነ ለዘጌ ነዋሪ የተሻለው 250 ሚሊግራም በውሃ የሚሟሟው የአሞክሳሲሊን እንክብል ነው። ለሳንባ ምች የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከ4 እስከ 10 ኪሎ ለሚመዝን አንድ፣ ከ10 እስከ 14 ኪሎ ሁለት፣ ከ14 እስከ 19 ኪሎ ሦስት እንክብል በቀን ሁለት ጊዜ ለ5 ቀን ይላል። በማንኪያ ውሃ ሟሙቶ ወዲያው ይሰጣል፤ የሚተርፍ የለም።

የእኛን ሕዋስ ገለፈት አይጎዳም?

የሰው ሕዋስ ግድግዳ የለውም፣ ፒቢፒም የለውም። ነገር ግን መድኃኒቱ በእኛም ገለፈት ላይ ካሉ ፕሮቲኖች ጋር ይገናኛል። አሞክሳሲሊንና ሴፋሌክሲን ከአንጀት ወደ ደም የሚገቡት ፔፕት-1 በሚባለው አሳላፊ ነው፤ ሁለት ሦስት አሚኖ አሲድ ያለውን የምግብ ቁራጭ የሚያሳልፈው በር ነው፣ መድኃኒቱም ይህን ይመስለዋል። በኩላሊት ደግሞ ኦኤቲ የሚባሉ አሳላፊዎች ፔኒሲሊንን ወደ ሽንት ይገፉታል። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መድኃኒቱ ውድ በነበረበት ጊዜ ከሕሙማን ሽንት እየተለቀመ መልሶ ይሰጥ ነበር። ፕሮቤኔሲድ ይህን በር ስለሚዘጋ የፔኒሲሊንን ዕድሜ ያራዝማል።

ጉዳት የሚመጣው ሦስተኛው ላይ ነው። ከፍተኛ መጠን በአንጎል ውስጥ ሲደርስ ጋባ የተባለውን አረጋጊ ተቀባይ ያግዳል፤ ሰውየው ይቃዣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይጥለዋል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ የሴፌፒም፣ የኢሚፔኔምና የከፍተኛ ፔኒሲሊን ጂ መጠን ሳይቀነስ ሲቀር የሚታየው ይህ ነው።

"ፔኒሲሊን አለርጂ አለብኝ" ያለን ሰው ምን እናድርግ?

ቀለበቱ በሰው ፕሮቲን ላይም ይጣበቃል፤ በተለይ በአልቡሚን ላይሲን ላይ። ሰውነት ይህን ጥምረት እንደ ባዕድ ሲያየው አለርጂ ይነሳል። ከሚሉት ውስጥ አብዛኞቹ ሲፈተኑ መድኃኒቱን ያለ ችግር ይወስዳሉ፤ ስለዚህ መጀመሪያ ይጠይቁ፦ ምን ሆነ? ከስንት ደቂቃ በኋላ? ስንት ዓመት ሆነው? ተቅማጥ አለርጂ አይደለም። ፊት አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮ፣ ወድቆ ከነበረ ግን ቀልድ የለም። ሴፋሎስፖሪን ላይ መጋራቱን የሚወስነው ቀለበቱ ሳይሆን የጎን ሰንሰለቱ ነው፤ አሞክሳሲሊን ከሴፋሌክሲንና ከሴፋድሮክሲል ጋር ይመሳሰላል፣ ከሴፍትሪያክሶን ጋር አይመሳሰልም።

መርፌ የሚወጋበት ክፍል አድሬናሊን በእጅ ርቀት ይኑር። ለአዋቂ 0.5 ሚሊግራም በጭን የውጭ ጎን ጡንቻ ይሰጣል። ከመርፌ በኋላ 30 ደቂቃ ማስቆየት ሥራ ማብዛት አይደለም።

ካፕሱል ከፍቶ ቁስል ላይ መነስነስም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ቆዳ ላይ የገባ ፔኒሲሊን ሰውን ለአለርጂ በማዘጋጀት ከሁሉም መንገድ የታወቀ ነው፤ ቁስሉንም አያድንም።

ሴፍትሪያክሶን ሲበጠበጥ ምን ይጠበቅ?

ካልሲየም። ካልሲየም ካለበት ከሪንገር ላክቴት (በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) ጋር ሲገናኝ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል፤ በአንድ መስመር አይሄዱም። እስከ 28 ቀን ላለ ጨቅላ ካልሲየም ያለበት ፈሳሽ በደም ሥር እየተሰጠ ከሆነ ሴፍትሪያክሶን አይሰጥም፤ ከአልቡሚን ላይ ቢሊሩቢንንም ያስለቅቃልና ቢጫ የሆነ ጨቅላ ላይ ሌላ አደጋ አለው። ለጡንቻ 1 ግራሙ በ3.6 ሚሊሊትር 1 በመቶ ሊዶኬይን ሲበጠበጥ በሚሊሊትር 250 ሚሊግራም ይሆናል። ያ ብልቃጥ ለደም ሥር በፍጹም አይሄድም፤ ሊዶኬይን ያለበትን ወዲያው ምልክት ያድርጉበት።

ቤንዛቲን ለምን በወር አንዴ ይበቃል? ሰዎችስ ለምን ይፈሩታል?

ጡንቻ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሟሟ ደለል ስለሆነ ነው። በደም ውስጥ የሚገኘው መጠን ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የጉሮሮ ሕመምንና የሩማቲክ የልብ በሽታን የሚያመጣው ግሩፕ-ኤ ስትሬፕቶኮከስ ለፔኒሲሊን እጅግ ስስ ነው፣ ቤታ-ላክታሜዝም አይሠራም። ለአዋቂ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት በየ4 ሳምንቱ፣ አደጋው ከፍ ላለበት በየ3 ሳምንቱ ይሰጣል።

ደለል በመሆኑ መርፌ ይዘጋል። በደንብ ይናጥ፣ በ21 ጌጅ መርፌ ይቀዳ፣ ሳይቋረጥ በእርጋታ ይገፋ። ወደ ደም ሥር ከገባ ልብ ሊያቆም ይችላል። ልቡ በጣም የተጎዳ ሰው ላይ ከመርፌው በኋላ የሚደርሰው ድንገተኛ ውድቀት ሁሉ አለርጂ አይደለም፤ ሕመሙና ድንጋጤው ደም ግፊቱን ሲያወርደው ደካማው ልብ አይችለውም። ስለዚህ ሰውየው ውሃ ጠጥቶ፣ ቀምሶ፣ ተኝቶ ይወጋ። የልቡ በር (ቫልቭ) ክፉኛ የጠበበ ወይም ልቡ የደከመ ከሆነ በአፍ የሚወሰደውን ፔኒሲሊን ስለመምረጥ ከሚከታተለው ሐኪም ጋር ይነጋገሩ።